ከድንበር የወጣ ውሃ

ነሐሴ በገባ በስድስተኛው ቀን፣ በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.፣ ከንፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ ስወርድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ላይ ዝናብ ያዘኝ። ያን ጊዜ ንፋስ መውጫ ላይ ልጆች የማስተምር፣ ዕድሜዬ ከሃያ አምስት ያላለፈ፣ ስለ ሁሉም ነገር ሐሳብ ያለኝ ሰው ነበርሁ። ትምህርት ቤቱ ስለተዘጋ ክረምቱን እህቴ ቤት ላሳልፍ ነው የምሄደው። በቦርሳዬ ውስጥ በጨርቅ የጠቀለልሁት አሥራ አንድ ገጽ ጽሑፍ ነበረኝ። አርእስቱ «የአገራችን ድህነት ጥፋቱ የማን ነው?» ይላል። እህቴ ቤት ቁጭ ብዬ በንጹሕ ገልብጬ አዲስ አበባ ላለ ጋዜጣ ልልከው አስቤያለሁ። ጥያቄውን ያቀረብሁት ለወጉ ነው እንጂ መልሱ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ተቆርጦ ያደረ ነበር። ጥፋተኛው ገበሬው ነው።

በቅሎዬን እየጎተትሁ ከመንገዱ ዳር ካለች አንዲት የገጠር ደብር ደጀ ሰላም ስገባ፣ አንድ ሽማግሌ ግንባሩ ነጭ የሆነ ትልቅ በሬ ይዘው ቀድመውኝ ተጠልለዋል።

«እንዴት አደሩ ጌታዬ፤ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ፣ እዚያ ያንጠባጥባል» ብለው ደረቁን ቦታ ለቀቁልኝ። ይህን ያሉኝ ኮቴንና ጫማዬን አይተው ነው እንጂ ልጃቸው እሆናለሁ።

«ኧረ አባቴ፣ እኔ ልጅዎ ነኝ፤ አንተ ይበሉኝ» አልሁ።

«እሺ፣ አንተ እንበልሃ። የማን ልጅ ነህ?»

ነገርኋቸው። አባቴን ባያውቁትም የአባቴን አጎት ያውቁታል፤ አንድ ጊዜ ደብረ ታቦር ድረስ አብረው ለሙግት ተመላልሰዋል። ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው በራ። ስማቸው አያ ቢሻው ነው፤ ቤታቸው ከደብሩ በታች ካለው ተዳፋት ላይ ነው። ስንቃቸውን፣ ካባቸውንና ዱላቸውን ይዘው በሬውን እየነዱ ወደ ገበያ መውረዳቸው ነበር።

«በሬ በፍልሰታ ይሸጣል እንዴ?» አልኋቸው። በጾም ሥጋ የሚገዛ የለም፤ በዚህ ወቅት የእርሻ በሬ ለገበያ የሚያወጣ ሰው ወይ የቸገረው ነው ወይ የተናደደ።

«ዋጋ እንደማያወጣ አጥቼው አይደለም። ግን ሰኞ ንፋስ መውጫ ዳኛ ፊት እቆማለሁ። ጠበቃው ባዶ እጄን አይቶ አይናገርልኝም።»

«ጥማዱስ? አንዱ ከሄደ ሌላው ምን ሊሆን ነው?»

አያ ቢሻው በሬውን አንገቱ ሥር አከኩት። «መቀናጆ እፈልጋለኋ። አንድ በሬ ያለው ሰው ይገኛል፤ ተጣምረን በተራ እናርሳለን። እኔ ጥንድ በሬ ሳላጣ ሠላሳ ዓመት ያረስሁ ሰው ነኝ። አሁን በእርጅናዬ ተራ ልጠብቅ ነው። ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ጎረቤቴ ደምሌ ነው፤ ከሱ ሳልፋረድ አልሞትም።» ድምፃቸው ሳይጨምር ሳይቀንስ ነበር የተናገሩት። ከዚያ ደረቴ ላይ የተሰካውን ብዕር አዩና ጥቂት አሰቡ። «መቼስ እግዜር ያገናኘን በከንቱ አይደለም። ማመልከቻውን አንተ ጻፍልኝ። ከዳኛው ደጅ የሚቀመጠው ጸሐፊ በመስመር ነው የሚያስከፍለኝ፤ ገንዘቡን ስለሚወድ መስመሩን ያበዛዋል።»

የልብ ሳቅ ሳቅሁ። «እጽፋለሁ። ግን ጉዳዩ ምንድን ነው?»

«መሬቴን በላው። ከእኔ በላይ ነው የሚያርስ። ፈሰሱን አዙሮ ለቀቀብኝ፤ ይኸው ቦረቦር ሆኖ ማሳዬን ለሁለት ከፈለው።»

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ይህን ልግለጽ። በጋይንት ደጋ የክረምት ዝናብ ማሳ ላይ ከተኛ ቡቃያው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ገበሬው ዘሩን ከሸፈነ በኋላ በማረሻው ሰፊ ትልም በሰያፍ ያወጣና ውሃውን ከማሳው ያሸሸዋል። ፈሰስ የሚሉት ይህን ነው። ሥራው ጥበብ ያለበት ነው፤ አባት ለልጁ የሚያስተምረው ነው። ፈሰሱ ግን ድንበሩ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ውሃው የት እንደሚገባ ማንም አባት ለልጁ አስተምሮ አያውቅም።

ዝናቡ አላባራ ስላለ ወግ ጀመርን። እኔም የጽሑፌን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልቻልሁም። መምህር መሆኔንና አገራችን ለምን ድሃ እንደሆነች መርምሬ መጻፌን ነገርኋቸው።

«ምን አገኘህ?» አሉኝ።

«እኔ የማምነው ጥፋቱ የገበሬው ነው ብዬ ነው፤ አይቀየሙኝ። በዓል ይበዛል። በወር ውስጥ የሚታረስበት ቀን ከማይታረስበት አይበልጥም። ሰው ቤት ሲውል አገር አትበለጽግም።»

አያ ቢሻው አልተቆጡም። ካባቸውን አስተካከሉና፣ «ትምህርት ቤትህ ከተዘጋ ስንት ቀኑ ነው?» አሉኝ።

«ወር አልፎታል።»

«መቼ ይከፈታል?»

«መስከረም መጨረሻ ላይ።»

«እንግዲህ እኛ ሥላሴን አንድ ቀን ብናከብር ሰነፍ ነን፤ አንተ ሦስት ወር ስታከብር መምህር ነህ» አሉ፣ ፈገግ ሳይሉ። እሳቸውም አዘኑልኝ መሰለኝ ቀጠሉ። «እኔ ልንገርህ ጥፋቱ የማን እንደሆነ። አንደኛ ነጋዴው ነው። ስንወቃ እህሉን ያረክሰዋል፤ ዘር ስንሻ ያስወድደዋል። ሁለተኛ ምስለኔው ነው፤ ከኛ የወሰደውን በመንገድም በድልድይም መልሶ አላሳየን። ሦስተኛ እናንተ ናችሁ። ልጃችንን ትወስዱና ሞፈር የማይጨብጥ አድርጋችሁ ትሰዱልናላችሁ፤ ወይም ከናካቴው አትሰዱትም። አራተኛ ደምሌ ነው።»

«ደምሌ አገር አደኸየ እንዴ አያ ቢሻው?»

«የእኔን አገር አደኸየ። የእኔ አገር ያ ማሳ ነው።»

ይህን ንግግር በጽሑፌ ውስጥ ካለው ሁሉ የተሻለ ሆኖ አገኘሁት፤ ቅናትም ቢጤ ተሰማኝ። ዝናቡ ሲያባራ፣ «ያላየሁትን አልጽፍም። ማሳውን ያሳዩኝና ማመልከቻውን እዚያው ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ወደ ገበያዎ ይሄዳሉ» አልኋቸው። ነገሩ ደስ አሰኛቸው። በሬውንም በቅሎዋንም ይዘን ከደብሩ በታች ወረድን።

ተዳፋቱ እንዲህ ነው። ጉብታው ላይ ደብሩ አለ። ከሱ ሥር መሪጌታ ጸጋዬ የሚያሳርሱት የደብሩ ማሳ፣ ከዚያ የደምሌ፣ ከዚያ የአያ ቢሻው፣ እያለ እስከ ገደሉ ይወርዳል። በስተምሥራቅ በኩል ከደብሩ ጉብታ ጀምሮ እስከ ገደሉ የሚደርስ ጭንጫ ድንጋይ አለ። ሁሉም ገበሬ አንዲት ትልም እንዳትቀርበት ማረሻው ድንጋዩን እስኪነካ ድረስ ያርሳል። በአያ ቢሻው ማሳ መካከል ደግሞ ቦረቦሩ አፉን ከፍቶ ይታያል። ገብቼ ስቆም ግንባሬ ብቻ ነበር ብቅ ያለው። ግድግዳው ጥቁር፣ የለማ አፈር ነው፤ በጣቴ ስነካው ይናዳል። ያን ጊዜ ሙግቱ ገባኝ፤ እኔም ብሆን በሬዬን እሸጥ ነበር።

ድምፃችንን ሰምቶ ደምሌ ከላይ መጣ። ዕድሜው አርባ የሚሆን፣ ለሰላምታ ባርኔጣውን የሚያወልቅ ሰው ነው። እኔን ሲያይ የመንግሥት ሰው መስዬው ፊቱ ተለወጠ።

«አያ ቢሻው፣ ዳኛ ይዘው መጡ?» አለ።

«መምህር ነው። አንተ የሠራኸውን አይቶ ሊጽፍ ነው።»

«እንግዲያው እውነቱን ይጻፋ። መምህር፣ እኔ ውሃ አልወለድሁም። ከመሪጌታ ማሳ የሚለቀቅብኝን ነው የማሳልፈው። ካላሳለፍሁት የኔን ገብስ ይዞት ይሄዳል። እኔ ምን ላድርግ? ልጠጣው?»

«በኔ ላይ ለምን ታሳልፈዋለህ?»

«እርስዎ በታች ስላሉ ነዋ። ውሃ ወደ ላይ አይሄድልኝም። ከድንበሬ ከወጣ ደግሞ የእኔ አይደለም፤ ይህን ሕግ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

አያ ቢሻው ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ኋላ እንደሰማሁት ደምሌ ወላጅ አባቱ በሕፃንነቱ ስለሞተ እርፍ መያዝም ፈሰስ ማውጣትም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

«ሙግቱ ከመሪጌታ ጋር ነው እንግዲህ» አልሁ እኔ። ሦስታችንም ወደ ላይ ወጣን።

መሪጌታ ጸጋዬ ከደብሩ ዐጸድ ከአንድ ወይራ ሥር ተማሪዎቻቸውን ዜማ ያስቀጽላሉ። በዚያው በጋይንት ባለችው ቤተ ልሔም የተማሩ የዜማ ሊቅ ናቸው፤ አንድ ተማሪ ከሦስት ረድፍ በኋላ ሆኖ ሲሳሳት ፊታቸውን ሳያዞሩ ስሙን ጠርተው ያርሙታል። ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙን።

«ደምሌ ትክክል ነው» አሉ መጨረሻ ላይ። «ውሃው ከደብሩ ማሳ ነው የሚመጣው። እኔ ደግሞ ከሰማይ ነው የተቀበልሁት። ከእኔ በላይ የሚያርስ የለም። እንግዲህ ክስ ካላችሁ ወደ ላይኛው ጻፉ፤ አድራሻውን እኔ እነግራችኋለሁ።»

ደምሌ ሳቀ። አያ ቢሻውም ሳይወዱ ሳቁ። እኔ ግን ብዕሬን ይዤ ቀረሁ፤ ማመልከቻው ተከሳሽ አጣ። በልቤም ሌላ ነገር ይመላለስ ጀመር። ነጋዴውን ብትጠይቀው ጥፋቱ የመንገዱ ነው ይልሃል። ምስለኔው የበላዮቹ ነው ይልሃል። የበላዮቹ ገበሬው ግብር አይከፍልም ይላሉ። እኔ የተማርሁት ደግሞ ከሁሉም ጎን ቆሜ በገበሬው ላይ አሥራ አንድ ገጽ እጽፋለሁ። ሁሉም ፈሰሱን ድንበሩ ላይ ይጨርሳል።

«አያ ቢሻው፣» አልሁ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ በድፍረት አይዩብኝ። የደምሌ ውሃ በእርስዎ ላይ ወረደ። ከእርስዎ ማሳ ሲወጣስ የት ይገባል?»

«ወደ ታች ነዋ።»

«ከታች ማን ነው የሚያርሰው?»

መሪጌታ ወደ መሬት አዩ፤ ደምሌም ባርኔጣውን አወለቀ። ከታች ያለው የሩቅ ሰው እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ እነሱ ሲያውቁት ኖረዋል።

«ካሣነሽ ናት፤ ልጄ» አሉ አያ ቢሻው።

«ማሳዋን በክረምት አይተውት ያውቃሉ?»

«በክረምት ማን የሰው ማሳ ያያል? በመስከረም ለዘመን መለወጫ እሄዳለሁ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ለምለም ነው።»

አራታችንም ወረድን። መሪጌታ ተማሪዎቻቸውን ለትልቁ ደቀ መዝሙር አስረክበው ነው የመጡት፤ የማየት ጉጉት ያዛቸው ይመስለኛል። ካሣነሽ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ውስጥ ገብታ አገኘናት፤ ባሏ ገበያ ወርዷል። ባቄላዋ አበባ ላይ ነው፤ ግን ከማሳው ሲሶው ከላይ በመጣ አፈር ተቀብሮ ጫፉ ብቻ ይታያል። እሷ በቅርጫት አፈሩን እያፈሰች ወደ ድንበሩ ትወስዳለች። ድንበሩ ላይ አፈሩ እንደ መደብ ተደርድሮ፣ በድንጋይ ተደግፎ ተቀምጧል።

«እንዴት አደሩ አባቴ» ብላ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ መጥታ ጉልበታቸውን ሳመች። ለኛም አንድ ባንድ እጅ ነሣች።

«ይህ ምንድን ነው ካሣነሽ?» አሉ አያ ቢሻው፣ መደቡን በዱላቸው እያሳዩ።

«አፈርዎ ነው።»

«የእኔ አፈር?»

«ዘንድሮ ብዙ ወረደ። ገደሉ እንዳይበላው ብዬ እየሰበሰብሁ አስቀምጬልዎታለሁ። በበጋ በአህያ እንመልስልዎታለን ብሏል ባሌ።»

«ባቄላሽ ተቀብሮ የኔን አፈር ትሰበስቢያለሽ?»

«አፈሩ አይጠፋም ብዬ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ይህ አራተኛ ክረምቱ ነው።»

«አራት ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?»

ካሣነሽ መሬት መሬት አየች። «ምን ልበል? አባቴን ልክሰስ?»

አያ ቢሻው ድንገት ደክሟቸው ከመደቡ ጫፍ ተቀመጡ። እኔ እውነቱን ለመናገር እንባዬ መጣ፤ ደብቄው ወደ በቅሎዬ ዞርሁ። የተማረ ሰው በአደባባይ ማልቀስ የለበትም የሚል አጉል ልማድ ነበረብኝ። ሽማግሌው ግን አልደበቁም። በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉና ብድግ አሉ።

በዚያ አገር ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲጣላ በአጠገቡ የሚያልፈውን ማንኛውንም ሰው «ዳኛ ሁነን» ማለት ወግ ነው። የተጠየቀውም እንቢ ማለት ነውር ይሆንበታል። አያ ቢሻው ካባቸውን ከትከሻቸው አውርደው እንደ ተሟጋች ታጠቁትና በልጃቸው ፊት ቆሙ።

«ዳኛ ሁኝ» አሏት። «ተከሳሹ እኔ ነኝ። ክሱን አምኛለሁ። ፍረጂብኝ።»

«አባቴ ተዉ እንጂ፤ ነውር ነው» አለች ደንግጣ።

«ነውሩስ እስከ ዛሬ የሠራሁት ነው። መሪጌታ እዚህ አሉ፤ መምህሩም ይጽፈዋል። ፍረጂ።»

መሪጌታ ጸጋዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፍረጂ ልጄ። ተከሳሽ ራሱ ዳኛ ሲመርጥ እንቢ አይባልም።»

ካሣነሽ ቅርጫቷን አስቀምጣ ተዳፋቱን ከታች እስከ ላይ አየችው። ከዚያ ቦታ ሁሉም ይታያል፤ ከላይ የቆመ ሰው ያንን ማየት አይችልም። ቀስ ብላ፣ እያፈረች ጀመረች።

«ውሃው ያ ጭንጫ ድንጋይ ላይ ቢሄድ ማንንም አይነካም ነበር። ሁላችንም ግን ድንጋዩ ድረስ ስላረስን መሄጃ አጣ። አባቴ ከድንጋዩ ዳር ሦስት እርምጃ ይልቀቁ፤ ይታጠር፤ ሣር ይብቀልበት። ደምሌም ይልቀቅ። እኔም እለቅቃለሁ። ፈሰሱ ሁሉ ወደዚያ ይዙር። መሪጌታም…» እዚህ ላይ ድምፅዋ አነሰ። «መሪጌታም ከሁላችን በፊት ይልቀቁ።»

ፍርዱ ቀላል አልነበረም። ከድንጋዩ ዳር ያለው አፈር የአያ ቢሻው ምርጡ መሬት ነው፤ ገብሱ ሰው የሚደብቀው እዚያ ነው። ሊሟገቱለት የወጡትም ከዚያ የማይበልጥ መሬት ነበር። አንዴ ወደ ማሳቸው አዩ፣ አንዴ ወደ ልጃቸው።

«ሦስት እርምጃ የማን እርምጃ ነው?» አሉ።

«የእርስዎ።»

«የሽማግሌ እርምጃ ነውና ጥሩ ፈረድሽ። ተቀብያለሁ» አሉ። ከዚያ ግን ወደ መሪጌታ ዞሩ። «አንድ ነገር ግን ልናገር። እኔ ጥፋቴን አመንሁ። ይህ ማለት ከላይ ያለው ጥፋት የለበትም ማለት አይደለም። መምህሩ እንደዚያ ጽፎ አዲስ አበባ እንዳይልክብኝ። ከላይ ካልተያዘ እኛ ከታች ብንለፋ ውሃው ይጥሰናል።»

«አያ ቢሻው ትክክል ናቸው» አልሁ። «እዚህ ያለነው ሁሉ ጥፋት አለብን። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው። የላይኛውን ጥፋት ለማስተካከል ዳኛ፣ ጠበቃና በሬ መሸጥ ያስፈልጋል። የራስን ለማስተካከል ማረሻ ማዞር ይበቃል። ደግሞ ራሱን ያስተካከለ ሰው የላይኛውን ሲጠይቅ ይሰማል።»

መሪጌታ ወደ ደብሩ ማሳ ቀና ብለው፣ «ከላይ መሆኔን እንደ ንጽሕና ቆጥሬው ኖሬያለሁ» አሉ። «ሥራው ከደብሩ ማሳ ይጀመራል። ነገ ሥላሴ ነው።»

«ነገ አይታረስም» አለ ደምሌ።

«የተከለከለው በሬ መጥመድ ነው። ለጎረቤት ድንጋይ መሸከም የተከለከለበትን መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም፤ ብዙ መጽሐፍም አይቻለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ እነግራለሁ።»

እኔ በቅሎዬን ልፈታ ስል ካሣነሽ፣ «መምህሩስ?» አለች። ዳኝነቱን ለምዳው ነበር። «ጥፋት ሁላችንም ላይ አለ ብለዋል። የእርስዎ ምንድን ነው?»

«የእኔ ጥፋት ሳላይ መጻፌ ነው» አልኋት።

«እንግዲያው አምስት ቀን ይቆዩና ይሥሩ።»

ቆየሁ። ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ወጣ። በዓል ስለሆነ ማንም እርሻ ላይ አልነበረም፤ በጽሑፌ የወቀስሁት በዓል አርባ ሰው ሰጠን። እጄ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውሃ ቋጠረ፤ ደምሌ እያየ ያፌዝብኛል። የረባ ነገር የሠራሁት አንድ ብቻ ነው። ከሦስት እንጨትና በገመድ ከተንጠለጠለ ድንጋይ ውሃ ልክ ሠራሁ፤ ለተማሪዎቼ በጠመኔ ስሥለው የኖርሁትን መሬት ላይ ሳቆመው ያ የመጀመሪያዬ ነው። በሱ እየለካን ፈሰሱን ሁሉ ቀስ ብሎ ወደ ጭንጫው እንዲያዘነብል አዞርነው። በጭንጫው ዳር ድንጋይ ደረደርን፤ በቦረቦሩ ውስጥም በየአሥር እርምጃው የድንጋይ እርከን አቆምን። ጥፋቱን ከታች ወደ ላይ እያመንን፣ ሥራውን ግን ከላይ ወደ ታች እየሠራን ወረድን።

የካሣነሽ መደብ ላይ ስንደርስ ትንሽ ክርክር ተነሣ። እሷ አፈሩን ይውሰዱ ትላለች፤ አያ ቢሻው ደግሞ አልወስድም አሉ። «ከድንበሬ ከወጣ የእኔ አይደለም ብዬ ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። እንግዲህ አንዴ እንኳ በሚጎዳኝ በኩል ልፈጽመው» አሉና አፈሩን እንድትበትነው አዘዟት። ሰኞ ንፋስ መውጫ ዳኛው ፊት ማንም አልቆመም። በሬውም ከጓደኛው ጋር ቤቱ ዋለ።

አሥራ አንዱን ገጽ አልላክሁትም። ደግሜ ጽፌ የላክሁት አራት ገጽ ብቻ ሆነ፤ ከአራቱ ገጾችም አንዱ ስለ መምህራን ነበር። ጋዜጣው አወጣው አላወጣው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሰው ስወቅስ ቀድማ በዓይነ ልቡናዬ የምትመጣው በቅርጫት አፈር የተሸከመችው ካሣነሽ ናት።

ከሁለት ዓመት በኋላ በጥቅምት ያንን መንገድ ስሄድ ጎራ አልሁ። የተለቀቀው ሦስት እርምጃ ሣር ሆኗል፤ አያ ቢሻውና ደምሌ በተራ እያጨዱ ለከብቶቻቸው ያበላሉ። በበጋ ድርቆሽ መግዛታቸው ቀርቷል። ቦረቦሩ ደለል ይዞ ከወገቤ በታች ደርሷል፤ ጌሾ ተክለውበታል። የካሣነሽ ባቄላ አልተቀበረም፤ የአምና ምርቷ ለቤቷ ተርፎ ለዘር የሚፈልግ ሁሉ ከሷ ይበደር ነበር። ለጠበቃ ይወጣ በነበረው ገንዘብ አያ ቢሻው ለታናሽ ልጃቸው የትምህርት ቤት ልብስና ደብተር ገዝተዋል። «ሞፈር ካልያዘ መልሼ አንተን ነው የምከስ» ብለውኛል። ደምሌ ከሳቸው ጋር ማኅበር ይጠጣል። የአገሩ ድህነት አልቋል አልልም፤ ነጋዴውም ምስለኔውም እዚያው ናቸው። ግን ያ ተዳፋት ጠግቦ አድሯል፤ የጠገበ ሰውም ምስለኔ ፊት ቆሞ ስለ መንገዱ ሲጠይቅ ድምፁ አይንቀጠቀጥም። በዚያ ዓመት አሥራ ሁለት ሆነው ሄደው ጠይቀው ነበር፤ ከፊት የነበሩት መሪጌታ ናቸው።

ከአያ ቢሻው ጋር ከቤታቸው ደጅ ተቀምጠን ጠላ ስንጠጣ፣ ሀብቴ የሚባል ሰው ከወንዙ ማዶ መጣ። ጫማው ጭቃ፣ ፊቱ ንዴት ነበር። ከላዩ ያለ ጎረቤቱ ማሳውን እንዳጠፋበት፣ ፊርማ አሰባስቦ ሊከሰው እንደተነሣ፣ አያ ቢሻውም ሽማግሌ ሆነው እንዲመሰክሩለት እንደሚፈልግ በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። ሽማግሌው እስኪጨርስ ሰሙት፤ ጠላም አስቀዱለት። ሲጠጣ ጠብቀው፣

«ከአንተ በታች የሚያርሰው ማን ነው?» አሉት።

ሀብቴ ዋንጫውን ከአፉ አወረደ። «የሟች ወንድሜ ሚስት ናት። ለምን ጠየቁኝ?»

«መጀመሪያ ወደ እሷ እንውረድ» አሉና ዱላቸውን አንሥተው ተነሡ።